የማካዳሚያ ችግኝ ሥሩ የሚበላሸው ገና ቱቦ ውስጥ እያለ ነው

ማካዳሚያ ተክለው ሁለት ሦስት ዓመት ከጠበቁ በኋላ ዛፉ በንፋስ ሲዘም፣ ቅጠሉ ያለ በሽታ ሲገረጣ ወይም በአንድ በጋ ድርቅ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማሳውን ነው። አፈሩ አልተስማማውም፣ ውሃ አነሰው፣ ምስጥ በላው ይባላል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ቆፍረን ስናወጣ ግን በአብዛኛው የምናገኘው አንድ ነገር ነው። ዋናው ሥር ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ችግኙ የፈላበትን የድሮውን የፕላስቲክ ቱቦ ቅርጽ ይዞ ተጠምጥሟል፣ ወይም ከአንገቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። ፕላስቲኩ ከወለቀ ዓመታት ቢያልፉም ሥሩ ዛሬም ከዚያው ስፋት አልወጣም። ይህ ጉዳት ማሳ ላይ አይፈጠርም፣ ማሳ ላይም አይታከምም።

ማካዳሚያ መነሻው የአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ቲካ አካባቢ ጀምራው ዛሬ ከዓለም ዋና ዋና አምራቾች አንዷ ሆናለች። እኛ ዘንድ ገና አዲስ ስለሆነ አብዛኛው ችግኝ ጣቢያ የሚያፈላው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ሲያፈላ በለመደው እጅ ነው። የሚገርመው ግራቪሊያና ማካዳሚያ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው፤ የሚለያቸው የቆይታ ጊዜው ነው። ግራቪሊያ በጥቂት ወራት አድጎ ክረምት ሲገባ ከጣቢያ ይወጣል። የሚዳቀል (የተመረጠ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚቀጠልበት) ማካዳሚያ ግን ከ12 እስከ 18 ወር ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። በሁለተኛው ወር የተጣመመ ቀጭን ሥር በ18ኛው ወር እንጨት ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ቢያቀኑት ይሰበራል እንጂ አይቃናም። ቅጠሉ ደግሞ በዚህ ሁሉ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ችግኙን በቁመቱ አትመዝኑት፤ በየደረጃው ሥሩን እዩ።

ከዘሩ እንጀምር። የማካዳሚያ ፍሬ ዘይታም ስለሆነ የመብቀል አቅሙ ቶሎ ይወርዳል። ከዛፉ ላይ የተለቀመ ሳይሆን በራሱ ጊዜ መሬት የወደቀውን ሰብስቡ፤ አረንጓዴውን ልጣጭ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አውልቁ፤ ጥላ ላይ አናፍሱና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዝሩት። ለምግብ የደረቀ ፍሬ አይበቅልም። ጆሮ አጠገብ ሲያናውጡት ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋልና ለዘር ብላችሁ አትግዙት። ከመዝራት በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ ውሃውን ጠዋትና ማታ ለውጡ፤ በመጨረሻ የሚንሳፈፈውን ጣሉ። ይህ ከሥር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ያረጀ ዘር እየተንጠባጠበ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ይበቅላል። ሠራተኛው ዘግይቶ የሚበቅለውን ሲጠብቅ ቀድሞ የበቀለው መደቡ ውስጥ ሥሩን ይሰድና ለመዛወር ከሚመችበት ጊዜ ያልፋል። ትኩስና እኩል የሚበቅል ዘር ያለው ሰው የሥር ችግሩን ግማሽ ገና በዚህ ጨርሷል።

የማብቀያ መደቡ ታጥቦ የተጣራ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ይሁን፤ ጥልቀቱም ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር። ብዙ ቦታ ሲሚንቶ ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አፍስሰው ይዘራሉ። ማካዳሚያ ቡቃያውን ከማሳየቱ በፊት ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ከላይ ምንም ሳይታይ ሥሩ ወለሉን ነክቶ ወደ ጎን ታጥፏል። አሸዋው እርጥብ እንጂ ውሃ ያቆረ እንዳይሆን፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ከላይ ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ከነጠርዙ አልብሱት፤ አይጥ የማካዳሚያ ዘር ካገኘች በአንድ ሌሊት መደቡን ባዶ ታደርገዋለች። ቶሎ እንዲበቅል ብለው ቅርፊቱን በመዶሻ የሚሰነጥቁ አሉ። ውስጡ ይቆስላል፣ ሻጋታም ይገባበታል፤ ዘፍዝፎ መታገሥ ይሻላል።

አቀማመጡ ላይ ጊዜ ስጡ። ቅርፊቱን ልብ ብላችሁ ስታዩት በአንደኛው ጫፍ ከልጣጩ ጋር የተያያዘበት ሰፋ ያለ ፈዛዛ ጠባሳ፣ በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጭን መስመርም ይታያል። ሥሩ የሚወጣው በነጩ ነጥብ በኩል ነው። ፍሬውን አጋድሙት፤ ጠባሳውና ነጥቡ ግራና ቀኝ ይዋሉ፣ መስመሩ ወደ ታች ይሁን። በላዩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይበቃዋል። ነጩ ነጥብ ወደ ላይ ከሆነ ሥሩ ሽቅብ ወጥቶ ፍሬውን ዞሮ ይወርዳል፣ ቡቃያውም በተቃራኒው ይጣመማል፤ የችግኙ አንገት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠማማ ይሆናል። ዘሩን እንደ በቆሎ በትኖ አሸዋ ማልበስ ፈጣን ሥራ ነው፤ ግን ከዚያ መደብ የሚወጣው ጠማማ አንገት ብዛት ያተረፈውን ሰዓት መልሶ ይበላዋል።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ አሸዋውን በጣት ገለጥ እያደረጋችሁ ፈትሹ። ወደ ቱቦ የማዛወሪያው ምርጥ ጊዜ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሥሩ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ቅርንጫፍ ከማውጣቱ በፊት ነው። ቅጠል አውጥቶ ሁለት ዙር እስኪጠነክር የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፤ ችግኙን ለመያዝ ስለሚመች ነው። የሚመቸው ግን ለእጅ ነው፣ ለሥር አይደለም። በዚያ ጊዜ ሥሩ ረዝሟል፣ ሲነቀል ጫፉ ይቀራል፣ ጉድጓዱ ሲያጥር ደግሞ ይታጠፋል። የዘገየባችሁ ከሆነ ሥሩን በንጹሕ ምላጭ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ አሳጥሩት። በስለት የተቆረጠ ሥር ከቁርጡ በላይ ብዙ አዳዲስ ሥር ያወጣል፤ የታጠፈ ሥር ግን እንደታጠፈ ይወፍራል።

ሲያዛውሩ ችግኙን ስቦ መንቀል አይገባም። በጠፍጣፋ እንጨት ከታች አንሱት፤ እርጥብ ጆንያ ውስጥ አኑሩት። ፀሐይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የተገለጠ ሥር ጫፉ ይሞታል። ቅርፊቱን ከችግኙ ላይ አታላቅቁ፤ የማካዳሚያ ዘር ያከማቸው ስንቅ ከአፈር በላይ አይወጣም፣ ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ችግኙን ለሳምንታት ይመግበዋል። ቱቦው ውስጥ በእንጨት የምትወጉት ቀዳዳ ከሥሩ ርዝመት መብለጥ አለበት። ችግኙን አውርዱት፣ ከዚያ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መልሳችሁ ሳብ አድርጉት፤ ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ሥሩን ታቃናለች። አፈሩን ከላይ ሳይሆን እንጨቱን ጎን ላይ ወግታችሁ ከታች ጀምሮ አስጠጉት፤ ካልሆነ ሥሩ ባዶ አየር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምርጫ ይደረጋል፦ ሥሩ የተጣመመውን፣ መንታ የሆነውን፣ ጫፉ የጠቆረውን ጣሉ። ዘሩ ውድ ስለሆነ እጅ ይከብዳል። ግን ያንን ችግኝ ዛሬ ያልጣለ ሰው 18 ወር ውሃ ያጠጣዋል፣ ያዳቅለዋል፣ ከዚያ ለገበሬ ይሸጠዋል።

ካሹ ለምታፈሉ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውስ። ካሹ መዛወርን ከማካዳሚያ የባሰ ይጠላል፤ በቀጥታ ቱቦው ውስጥ ዝሩት፣ ከፍሬው ጋር የተያያዘበት ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ዋና ሥሩ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ከሦስት አራት ወር በላይ በትንሽ ቱቦ አታቆዩት። የቀረው ምክር ከማዳበሪያውና ከቆይታ ጊዜው በስተቀር ለሁለቱም ይሠራል።

አሁን ቱቦው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ጥቅል ፕላስቲክ የሚለካው ተነጥፎ ባለው ስፋቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የተገዛ ጥቅል አፈር ሲሞላ አፉ 7.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ለማካዳሚያ ግን አይበቃም። አፉ 12 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ተነጥፎ 19 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥቅል ግዙ፤ ቁመቱንም 30 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። አንዱ ቱቦ 3.4 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ ለ1,000 ችግኝ 3.4 ሜትር ኩብ የአፈር ድብልቅ ማዘጋጀት አለባችሁ ማለት ነው። ሒሳቡ ሲታይ ቱቦውን ለማሳጠር ይከጅላል። ከስፋቱ ብታጎድሉ እንኳ ከጥልቀቱ አታጉድሉ።

የተለመደው 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ የሚለው ድብልቅ ለማካዳሚያ ሁለት ጉድለት አለው። አፈሩ መረሬ ከሆነ ድብልቁ ይረጋና ሥሩ አየር ያጣል፤ ፍጉ ከበዛ ደግሞ ኋላ የማነሳው የፎስፈረስ ጣጣ ይመጣል። የሚሻለው 2 እጅ የደን ወይም ቀይ ለም አፈር፣ 2 እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ቀይ አሽ፣ 1 እጅ በሚገባ የበሰለ የቡና ገለፈት ወይም የቅጠል ኮምፖስት ነው። አመድ አትጨምሩ፤ ማካዳሚያ ፒኤቹ ከ5 እስከ 6.5 የሆነ አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ አመድ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። ድብልቁን ለመፈተን አንድ ቱቦ ሞልታችሁ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስሱበት። ላዩ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆመ አሸዋ ጨምሩ። እርጥቡን በእጅ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ነካ ሲደረግ መፍረስ አለበት።

ከዚህ በፊት ችግኝ የሞተበትን አፈር መልሳችሁ አትጠቀሙ። አዲሱንም ቢሆን በበጋ አርጥባችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግታችሁ፣ ጠርዙ በአፈር በታፈነ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሸፍኑት። የፀሐዩ ሙቀት ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶችንና የአረም ዘርን ይቀንሳል። ጥቁር ላስቲክ ይህን ያህል አይሠራም።

ቱቦው የት ላይ ይቁም? እዚህ ላይ ነው የጥሩና የመጥፎ ችግኝ ጣቢያ ልዩነት በደንብ የሚታየው። ሥር የቱቦውን ለስላሳ ግድግዳ ሲነካ ይዞራል፤ መሬት ሲነካ ወደ መሬቱ ይገባል፤ አየር ሲነካ ግን ጫፉ ይደርቃል። ጫፉ የደረቀ ሥር ደግሞ ከኋላው ቅርንጫፍ ያወጣል። ስለዚህ ታቹ ክፍት የሆነውን ቱቦ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ወይም ተራርቆ በተረበረበ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ ማቆም ያለ መቀስ ሥር የሚቆርጥ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ የደረቀ ጫፍ ከበላዩ ብዙ ጫፍ ይተካል፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ቀጥ ባሉ ቀጫጭን ሥሮች ይሞላል።

ይህን የሚሞክር ሰው ክብደቱን አስቀድሞ ይወቅ። አንድ እርጥብ ቱቦ ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ 1 ሜትር ካሬ ላይ 69 ያህል ስለሚቆም 350 ኪሎ ግድም ይሆናል። በቀጭን የባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ አልጋ በመጀመሪያው ክረምት ይጎብጣል። ርካሹ መፍትሔ ብሎኬት በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ደርድሮ በላዩ ወፍራም ሽቦ ወንፊት መዘርጋት ነው። አፈሩ ከታች እንዳይፈስ የቱቦውን የታችኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አፈር አርጥባችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት፤ ደረቅ ሣርም ከታች ማድረግ ይቻላል። ከአልጋው በታች አረም ከበቀለ ወይም ውሃ ካቆረ አየሩ ይረጥብና ሥሩ ሳይደርቅ እየተንጠለጠለ ያድጋል፤ ያን ጊዜ አልጋው ጌጥ ብቻ ነው። ዘዴው ዋጋም ያስከፍላል፦ ቱቦው ከታችም ስለሚደርቅ በበጋ ውሃ ይበዛበታል፤ ውሃ በባልዲ የሚቀዳበት ጣቢያ ይህን አስቦ ይግባበት።

አልጋ መሥራት ያልቻለ መሬት ላይ ማፍላት ይችላል፤ ግን ሥር መቁረጥ ግዴታው ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሁሉ ቱቦውን አንስታችሁ ከታች የወጣውን ሥር በስል መቀስ ቁረጡና ቦታውን ቀይራችሁ አስቀምጡት። በደረቅ ወራት ወር ሊቆይ ይችላል፤ በክረምት ግን ሥሩ ይፈጥናል። ከመቁረጡ አንድ ቀን በፊት አጠጡ፣ ሥራውን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ አድርጉ፣ እንደገና አጠጡና ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ስጡት። የተዘለለ ወር የሚያስከትለውን ታዩታላችሁ፦ ቱቦው ሲነሳ ጠጠጥ ብሎ የሚበጠስ ወፍራም ሥር። ችግኙ ሲመገብ የኖረው ከቱቦው ሳይሆን ከመሬቱ ነበር፤ ስለዚህ በማግሥቱ ይጠወልጋል። እንዲህ የሆነውን አንድ ሦስተኛ ቅጠሉን ቀንሱለት፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ እስኪያገግም ለሽያጭ አታቅርቡት።

ውሃ ላይ ያለው ልማድ በየቀኑ ጥቂት ረጨት ማድረግ ነው። ይህ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትሩን ብቻ ስለሚያረጥብ ሥሩም እዚያው ይቀራል። ይልቅ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጡ፣ ከዚያ የላዩ 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ ጠብቁ። ጥሩ ሠራተኛ ቱቦውን በእጁ አንስቶ ክብደቱን ይለየዋል፤ ይህን ማስተማር የሰዓት ፕሮግራም ከመለጠፍ ይሻላል። በሌላው ወገን ውሃ ያቆረበት መደብ ፋይቶፍቶራ የሚባለውን የሥር አበስባሽ ይጋብዛል። ምልክቱ አሳሳች ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ያላወቀ ሰው ውሃ ይጨምርለትና ይጨርሰዋል። ቱቦውን ቀዳችሁ እዩ፦ ጤነኛ ሥር ጫፉ ነጭ ነው፤ የታመመው ቡናማ ሆኖ ልጡ በጣት ሲሳብ ይወልቃል። የታመመውን ከነአፈሩ አርቁ፣ መደቡን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ጎርፍ ማፋሰሻም አብጁለት።

ጥላን በተመለከተ፣ ከተዛወረ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ጥላ ይበቃል፤ ከዚያ ዳሱን ቀስ በቀስ ማሳሳት ነው። ጥላ የበዛበት ችግኝ ግንዱን ያስረዝማል፣ ሥሩን ያሳንሳል። ገዢ ደግሞ ረጅሙን ይመርጣል፤ ጣቢያዎች ጥላውን የማያነሱትም ለዚህ ይመስለኛል።

ማዳበሪያ ላይ ማካዳሚያ ከለመድናቸው ዛፎች ሁሉ ይለያል። የመጣበት የአውስትራሊያ አፈር ፎስፈረሱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ዛፉ ልዩ ሥር አበጅቷል፦ ከቀጭን ሥሩ ላይ አጫጭርና ጥቅጥቅ ያሉ የጭገር ሥሮች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ይበቅሉና አሲድ እያመነጩ በአፈሩ የተያዘውን ፎስፈረስ ያስለቅቃሉ። ፎስፈረስ ከውጭ በብዛት ሲሰጠው እነዚህን ሥሮች ማውጣት ይተዋል፤ የበዛው ፎስፈረስም ብረት እንዳያገኝ ይከለክለዋል። ዳፕና ኤንፒኤስ የሚባሉት ማዳበሪያዎች ዳፕ ከመቶ 46፣ ኤንፒኤስ ከመቶ 38 እጅ ፎስፌት ስላላቸው ለማካዳሚያ ቱቦ አይሆኑም። የዶሮ ኩስም ፎስፈረሱ ከፍተኛ ነው። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው ለጋው ቅጠል ላይ ነው፤ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ እንደሆነ በጅማቶቹ መሀል ያለው ቢጫ ይሆናል። ቢጫነቱ ከታች ካለው ካረጀ ቅጠል ከጀመረ ግን የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ ለዚያ 20 ግራም ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ በጥብጦ በወር አንዴ፣ አስቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ ማጠጣት ይበቃል። ሁለቱን ሳይለዩ ቢጫ ባዩ ቁጥር ማዳበሪያ መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። ከደን የመጣ የበሰበሰ ቅጠል በቱቦው አፍ ላይ ጥቂት መጣል ግን ለእነዚያ የጭገር ሥሮች ይስማማቸዋል።

በየሦስት ወሩ ከእያንዳንዱ መደብ አምስት ችግኝ ሳትመርጡ አንሱ፣ ቱቦውን ቀዳችሁ አፈሩን በውሃ እጠቡና ሥሩን ዘርግታችሁ እዩ። አምስት ችግኝ ማጣት ያሳዝናል፤ ግን የመደቡን ሁኔታ የሚነግራችሁ ሌላ መንገድ የለም። ከታች በኩል ትንሽ መዞር ካያችሁ በመትከያ ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ከአንገቱ አጠገብ፣ ከላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚዞር ሥር ግን ኋላ ሲወፍር ግንዱን ራሱን ያንቃል። ከአምስቱ ሁለቱ እንዲህ ከሆኑ ችግሩ የችግኙ ሳይሆን የአዛዋወራችሁ ነው፤ መደቡን በሙሉ አንድ በአንድ ፈትሹ።

ማዳቀል የሚጀመረው ግንዱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ነው። የማዳቀሉን ዝርዝር እዚህ አልገባበትም፤ ሥሩን የሚመለከተውን ብቻ ልበል። ከማዳቀሉ በፊት ባለው አንድ ወርና ከተዳቀለ በኋላ አዲስ ቅጠል አውጥቶ እስኪጠነክር ሥር አትቁረጡ፤ ችግኙ ሁለት ቁስል በአንድ ጊዜ አይችልም። ባለሙያ ወይም ቅርንጫፍ አጥታችሁ ማዳቀሉ ከዘገየ ችግኙን እዚያው ቱቦ ውስጥ አታስረጁት። አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ወደሆነ፣ ጥልቀቱም ወደሚበልጥ ቱቦ አዛውሩት፤ በዚያው አጋጣሚ የሚዞረውን ሥር ጎን ለጎን በምላጭ ቁረጡለት።

ለመትከል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲቀረው ማጠንከር ይጀመራል፤ ጥላው ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ የማጠጫው ቀን ይራራቃል፣ የመጨረሻው ሥር ቆረጣም ከዚህ በፊት ያልቃል። ችግኝ የምትገዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ ስትሄዱ ረጅሙን አትምረጡ። ግንዱ ወፍራም፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ቱቦው ቀና ብሎ የቆመ ይሁን። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት፤ አፈሩ ሳይንቀሳቀስ ግንዱ ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ ሥሩ አልያዘም። አንድ ቱቦ ቀደው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ የዚያን አንዱን ዋጋ ብትከፍሉ እንኳ አትከስሩም። ስታጓጉዙ በግንዱ አንጠልጥላችሁ አታንሱ፣ ክፍት ፒክአፕ ላይም ከሆነ በሸራ ሸፍኑት።

መትከያው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ፣ ዝናቡ አፈሩን እስከ ታች ካራሰው በኋላ ነው። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጥ። በከባድ አፈር ላይ አካፋ የጉድጓዱን ግድግዳ ይለቀልቀዋል፤ ሥሩ ያንን ለስላሳ ግድግዳ ሲያገኝ እንደገና ቱቦ ውስጥ እንደገባ ሆኖ ይዞራል። ግድግዳውን በመቆፈሪያ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት። ጉድጓዱ ውስጥ ዳፕ አታድርጉ። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወልቅ። ታቹን ብቻ ቀድዶ መትከል እስከ ዛሬ በየቦታው ይታያል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ አይበሰብስም። ቱቦው ከወለቀ በኋላ ከአፈሩ ታች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በስል ቢላ ቁረጡና ጎኑን በሁለት በኩል ከላይ እስከ ታች በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሰንጥቁት። ጭካኔ ይመስላል፤ መዞር የጀመረውን ሥር የሚያስቆመው ግን ይህ ነው። አንገቱ ቱቦ ውስጥ በነበረበት ልክ ይተከል፤ ጠልቆ የተቀበረ አንገት ይበሰብሳል።

ሲተከል 20 ሊትር ውሃ አጠጡት፣ ዝናብ ቢኖርም። ውሃው አፈሩን ከሥሩ ጋር ያስጠጋዋል። ጉዝጓዝ ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይነጠፍ፤ ካልሆነ ምስጥ ወደ ግንዱ ይመጣል። ድጋፍ እንጨት ካስፈለገ በላላ ገመድ ይታሰር፤ በንፋስ ጥቂት የሚወዛወዝ ችግኝ ሥሩን ያጠነክራል፣ ጥብቅ ብሎ የታሰረው ግን ገመዱ ሲፈታ ይወድቃል። ማካዳሚያ ሥሩ በአብዛኛው ወደ ላይኛው አፈር ስለሚሰራጭ ከነፋስ በኩል አስቀድሞ የነፋስ መከላከያ ዛፍ ቢኖር ይመረጣል። በመጀመሪያው በጋ በየቀኑ ጥቂት ከማጠጣት በሳምንት አንዴ 20 ሊትር ማጠጣት ይበልጣል። ደጋ ላይ ለተከላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጠላት አለ፤ ፍልፈል። ችግኙ ደህና ቆሞ ሳለ በድንገት ዘመም ብሎ በእጅ ሲነካ ከተነቀለ ሥሩን ከታች በልቶታል ማለት ነው። በአካባቢው አዲስ የአፈር ቁልል የሚታይ ከሆነ ከመትከላችሁ በፊት ጉድጓዱን በሽቦ ወንፊት ክበቡት። ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ቁመቱ ከጉድጓዱ ታች ጀምሮ ከመሬት በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ ሽቦው በጊዜ ብዛት ዝጎ እንዲበጠስ ጋልቫናይዝድ ያልሆነውን ቀጭን ሽቦ ምረጡ፣ አለበለዚያ ፍልፈሉን የከለከለው ሽቦ ኋላ የወፈረውን ሥር ይቆርጠዋል።